ቆሞ መጠበቅ ሥራ ነው? ኡበርን ፍርድ ቤት ያቆሙት የለንደን ሾፌሮች ጉዳይ

ለንደን ሂትሮው ኤርፖርት አጠገብ የሚኒካብ (በጥሪ የሚሠራ ታክሲ) ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ፓርኪንግ አለ። አንድ ቀን ከአንድ ወዳጄ ጋር አብሬው ገባሁ። ስልኩ ዳሽቦርዱ ላይ ተሰክቷል፣ ስንተኛ ተራ ላይ እንዳለ ስክሪኑ ያሳያል፣ መቶ ሃያ ምናምን ነበር። ከጎናችን ያለው ሰውዬ ወንበሩን አስተኝቶ ካልሲ ያጠለቀ እግሩን መስኮቱ ላይ ሰቅሎ ያንኮራፋል፣ ወዲያ ማዶ አራት አምስት ሆነው ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዱ ያወራሉ፣ አማርኛው ትግርኛው ሶማሊኛው ኡርዱው እኩል ይሰማል። "ስንት ሰዓት ሆነህ?" አልኩት። "ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ነው" አለኝ። "ታዲያ ይሄ ይከፈልሃል?" ስለው ሳቀብኝ።

ያቺ ጥያቄ ግን ቀልድ አይደለችም፣ የእንግሊዝን ፍርድ ቤት ከታች እስከ ላይ አራት ደረጃ ወጥታለች። ጉዳዩ ኡበር እና አስላም ተብሎ ነው የሚጠራው፣ ኡበር ማለት በስልክ አፕ ታክሲ የሚጠራበት ኩባንያ ነው፣ ሾፌሮቹ አራቱንም ደረጃ አሸንፈዋል፣ ብዙ ሰው "ሾፌሮቹ አሸነፉ" የሚለውን ሰምቶ እዛው ላይ ነው የሚያቆመው። እኔ ደግሞ ፍርዱን ካነበብኩ በኋላ የበለጠ የከነከነኝ ከድሉ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ከሳሾቹ ያሲን አስላምና ጄምስ ፋራር የሚባሉ ለንደን ውስጥ በኡበር የሚሠሩ ሾፌሮች ናቸው፣ ሌሎችም አብረዋቸው ነበሩ፣ ጉዳዩ ሲጀመር ጂኤምቢ የሚባለው የሠራተኛ ማኅበር ደግፏቸዋል። ማኅበሩ በዛን ሰሞን የአንድ አባሉን ሂሳብ ይዞ ወጥቶ ነበር፣ ሰውዬው በኦገስት 2015 ወጪው ሁሉ ሲቀነስ በሰዓት የተረፈው 5.03 ፓውንድ ነው፣ ከዝቅተኛው ደሞዝ በታች ማለት ነው። የጠየቁት ነገር ቀላል ይመስላል፣ ዝቅተኛ ደሞዝ ይከፈለን፣ የዓመት ፈቃድ ክፍያ ይሰጠን። ኡበር ደግሞ እናንተ እኮ ሠራተኞቼ አይደላችሁም፣ የራሳችሁ ቢዝነስ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ፣ እኔ አፕ አቅራቢ ነኝ፣ ከተሳፋሪው ጋር ላገናኛችሁ ኮሚሽን እቆርጣለሁ በቃ አለ። ኮሚሽኑ በዛን ጊዜ እንደ ሾፌሩ ከ20 እስከ 25 በመቶ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ካልገባን ቀሪው አይገባንም። እኛ በአማርኛ ሠራተኛ ካልን ሠራተኛ ነው፣ ወይ ተቀጥረሃል ወይ የግልህን ትሠራለህ። እንግሊዞች ጋ ግን መሃል ላይ ሌላ ነገር አለ። አንደኛው ኢምፕሎዪ ነው፣ ሙሉ መብት ያለው ቋሚ ቅጥር በሉት። ሌላኛው ጫፍ ሰልፍ ኢምፕሎይድ ነው፣ የራሱ ጌታ፣ ታክሱንም ኪሳራውንም ራሱ የሚችል። መሃል ላይ ያለው "ወርከር" ይባላል፣ የ1996ቱ የሥራ ቅጥር መብቶች ሕግ ውስጥ አለ፣ ታክሱን እንደ ግል ሠሪ ሊከፍል ይችላል ግን ዝቅተኛ ደሞዝና በዓመት 5.6 ሳምንት የተከፈለበት ፈቃድ ይገባዋል። ያላግባብ ተባረርኩ ብሎ መክሰስ ግን አይችልም፣ እሱ ለኢምፕሎዪ ብቻ ነው። አስላምና ፋራር ቋሚ ቅጥር ነን አላሉም፣ መሃለኛዋን ነው የጠየቁት። እኔ ይሄን እስካውቅ ድረስ የኡበር ሾፌር ለምን ቅጠሩኝ ይላል፣ ሲፈልግ አፑን ዘግቶ ይተኛ የለ እንዴ እል ነበር።

መጀመሪያ የታየው ለንደን ውስጥ ኢምፕሎይመንት ትሪቡናል የሚባለው የሥራ ክርክር ችሎት ጋ ነው፣ ዳኛው አንቶኒ ስኔልሰን ይባላሉ፣ ውሳኔው የወጣው ኦክቶበር 28 ቀን 2016 ነው። ኡበር በዛን ጊዜ ለንደን ላይ ወደ 30,000 ሾፌር ነበረው። በኩባንያው አባባል ከሄድን ከተማዋ ውስጥ 30,000 ትንንሽ ድርጅቶች አሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ቶዮታና አንድ ሹፌር ያለው፣ ኡበር ደግሞ ለሁሉም ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ችሎቱ ይሄ ሐሳብ ሳቅ ሳቅ የሚያሰኝ ነው ብሎ ነው የጻፈው፣ እንግሊዝ ዳኛ እንዲህ ሲጽፍ ትዕግስቱ አልቋል ማለት ነው።

ውሉን ያየ ሰው በችሎቱ አይፈርድም። ወረቀቱ ላይ የትራንስፖርት ውሉ በሾፌሩና በተሳፋሪው መሃል ነው ይላል። እስቲ አስቡት፣ ሾፌሩ የተሳፋሪውን ሙሉ ስም አያውቅም፣ ስልኩን አያውቅም፣ ሰውዬው መኪና ውስጥ እስኪገባ ድረስ የት እንደሚሄድ እንኳን በዛን ጊዜ አይነገረውም ነበር፣ ዋጋውን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው፣ ብሩን የሚቀበለው ሌላ ሰው ነው፣ ቅሬታ ቢመጣ ተመላሽ የሚያደርገውም ያው ሌላው ሰው ነው። ይሄ ምን ዓይነት ውል ነው? ውሉን ደግሞ ሾፌሩ ተደራድሮበት አይደለም፣ ስልኩ ላይ ዱብ ይላል፣ እስማማለሁ የሚለውን ካልነካህ አፑ አይከፈትልህም። ቤትህ የልጅ ዳይፐር እየጠበቀህ ማን ነው ጠበቃ ቀጥሮ ያን ሁሉ ገጽ የሚያነበው።

ኡበር ይግባኝ አለ። ኖቬምበር 2017 ላይ የሥራ ጉዳይ ይግባኝ ችሎቱ አጸናው። ዲሴምበር 2018 ላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ አጸናው። እዚህች ሁለት ለአንድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ኋላ ትመጣለች። የተለየ ሐሳብ የጻፉት ዳኛ አንደርሂል ናቸው። እሳቸው ወረቀቱ ያለውና መንገድ ላይ የሚሆነው አይጋጭም፣ ድሮም ሚኒካብ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ፍርድ ቤት ውል አይቀይርም አሉ። ጨምረው ደግሞ እሺ ሾፌሮቹ ሠራተኛ ናቸው ቢባል እንኳ የሥራ ሰዓታቸው መቆጠር ያለበት ጥሪ ከተቀበሉበት ደቂቃ ጀምሮ ነው እንጂ አፕ ከፍተው የሚጠብቁበት አይቆጠርም አሉ። በድምፅ ተሸነፉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁላይ 2020 ላይ ሰማው፣ ፍርዱን ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2021 ሰጠ፣ ሁሉም ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ፍርዱን የጻፉት ሎርድ ሌጋት ናቸው።

የሎርድ ሌጋት አካሄድ ነው ዋናው። ኡበር ሁሌም ሲከራከር የነበረው ውሉን አንብቡት እያለ ነው። ሎርድ ሌጋት ደግሞ ለምን ብዬ ከውሉ እጀምራለሁ ነው ያሉት ባጭሩ። ሾፌሮቹ የጠየቁት መብት ከውል የመጣ መብት አይደለም፣ ፓርላማ በሕግ የሰጠው ነው፣ ፓርላማ ይሄን ሕግ ያወጣው ደግሞ አቅም የሌለው ሰው በአቅመኛው እጅ እንዳይጎዳ ነው፣ አቅመኛው ራሱ በጻፈው ወረቀት ሕጉ ለማን እንደሚሠራና እንደማይሠራ ከወሰነማ ሕጉ ምን ይረባል? በዛ ላይ ሕጉ ራሱ ውስጥ ሠራተኛው መብቱን በውል አሳልፎ መስጠት እንደማይችል ተጽፏል። 2011 ላይ መኪና አጣቢዎች ኦቶክሌንዝ የሚባል ድርጅትን ከሰው ያሸነፉበት ፍርድ ነበር፣ እዛ ላይ ተመርኩዘው ነው አንድ እርምጃ የጨመሩበት።

ከዛ መኪናው ውስጥ ገቡ። በ2016ቱ አሠራር ማን ነው የሚያዘው? ዋጋውን ኡበር ያወጣል፣ ሾፌሩ ከዛ በላይ መጠየቅ አይችልም፣ ቀንሶ ልውሰድህ ቢል ከራሱ ኪስ ነው። ውሉን ኡበር ብቻውን ይጽፋል። አፑን ከከፈትክ በኋላ ጥሪ መምረጥ አትችልም፣ በዛን ጊዜ ከመጡልህ ጥሪዎች 80 በመቶውን መቀበል ይጠበቅብህ ነበር፣ ከዛ ከወረድክ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ካላሻሻልክ ሲስተሙ ለ10 ደቂቃ አስወጥቶ ይዘጋብሃል። አሥር ደቂቃ ትንሽ ትመስላለች፣ ዓርብ ማታ ሥራው በሚጦፍበት ሰዓት ግን ቅጣት ናት፣ ዳኞቹም እንደዛው ነው ያዩዋት። ኮከቡ ደግሞ አለ፣ አማካይህ ከ4.4 በታች ከወረደና ካልተሻሻለ መጨረሻው ከአፑ መሰናበት ነው። ኡበር ኮከቡ ለተሳፋሪው መረጃ ነው ይላል፣ ግን ተሳፋሪው እኮ በኮከብ ሾፌር አይመርጥም፣ የመጣለትን ነው የሚሳፈረው፣ ስለዚህ ኮከቡ ለማን ነው የሚሠራው? ለአለቃው። በመጨረሻም ሾፌርና ተሳፋሪ ተዋውቀው ደንበኛ እንዳይሆኑ መሃላቸው ግድግዳ አለ። አዲስ አበባ ቢሆን አንዴ የወሰደህ ሾፌር ስልኩን ሰጥቶህ "ነገም ስትፈልግ ደውል" ይልሃል፣ እሱ ነው ቢዝነስ ማለት። እነዚህ ሰዎች ግን ገቢያቸውን ማሳደግ ቢፈልጉ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያላቸው፣ ብዙ ሰዓት መንዳት።

ኡበር እኛ እንደ ሆቴል ቡኪንግ ዌብሳይት ነን የሚል ማነጻጸሪያም አምጥቶ ነበር። ሎርድ ሌጋት አልተቀበሉትም፣ እዛ ባለቤቱ ዋጋውን ራሱ ያወጣል፣ አንዱ ቤት ከአንዱ ይለያል፣ እናንተ ጋ ግን አንዱ ሾፌር በሌላው ቢተካ ተሳፋሪው ልዩነቱ እንዳይታወቀው ነው ሁሉም ነገር የተሠራው። እኔ በበኩሌ ከፍርዱ ሁሉ ይቺን ነው የወደድኳት።

አሁን ወደ መጠበቁ እንምጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የታችኛው ችሎት ያለውን አጸና፣ ሾፌሩ ለንደን ውስጥ ሆኖ አፑን ከፍቶ ሥራ ልቀበል ብሎ ዝግጁ ሆኖ እስከተቀመጠ ድረስ እየሠራ ነው። ጥሪ ቢኖርም ባይኖርም። ያ ሂትሮው ላይ ያንኮራፋው ሰውዬ በዚህ ሂሳብ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። ምክንያቱም የኡበር ሙሉ ንግዱ ተሳፋሪው ስልኩን በነካ በሦስት በአራት ደቂቃ መኪና ደጁ መድረሱ ነው፣ ያ የሚሆነው ደግሞ ባዶውን የሚጠብቅ መኪና ስላለ ነው። መጠበቁ ራሱ ዕቃ ነው፣ እየተሸጠ ያለ ዕቃ።

ግን ፍርዱ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ ቀረች። ሾፌሩ በአንድ ጊዜ ሌላ ኩባንያ አፕ ላይም ከፍቶ ቢጠብቅስ? ለማን ነው የሚጠብቀው? ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ በታየበት በ2016 ለንደን ላይ ሌላ ይሄን የሚመስል አፕ ስለመኖሩ ማስረጃ አልቀረበም ብሎ አለፈው፣ ሁኔታው ከተለየ መልሱም ሊለይ ይችላል ማለት ነው።

ፍርዱ በወጣ ዕለት ኡበር ምን አለ፣ ይሄ የሚመለከተው በ2016 አፑን ይጠቀሙ የነበሩ ጥቂት ሾፌሮችን ነው፣ እኛ ከዛ ወዲህ ብዙ ለውጠናል አለ። ወር ሳይሞላ ግን ማርች 16 ላይ በመላ እንግሊዝ ያሉት ከ70,000 በላይ ሾፌሮቼ ከነገ ጀምሮ ወርከር ናቸው ብሎ አወጀ። በሰዓት ቢያንስ ዝቅተኛው ደሞዝ፣ ያኔ 8.72 ፓውንድ ነበር፣ ወጪ ተቀንሶ። የፈቃድ ክፍያ ከገቢው 12.07 በመቶ በየሁለት ሳምንቱ። ጡረታም እንዲሁ። 12.07 ከየት መጣች ብላችሁ እንደሆነ፣ ከ52 ሳምንት ላይ 5.6ቱ ሲነሳ 46.4 ይቀራል፣ 5.6ን ለ46.4 አካፍሉት ይመጣላችኋል። ሜይ ላይ ደግሞ ያኔ ከሳሾቹን የደገፈውን ጂኤምቢን በማኅበርነት ተቀበለው። ደስ አይልም? ይላል፣ እውነቱን ለመናገር በዛ ሰሞን የፈቃድ ብር ገባልን ብለው ምሳ የጋበዙን ልጆች ነበሩ።

ችግሩ ዝቅተኛው ደሞዝ የሚታሰበው ጥሪ ከተቀበልክበት እስከ ተሳፋሪውን እስካወረድክበት ድረስ ነው የሚለው ነው። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ይቺ የዳኛ አንደርሂል ሐሳብ ናት፣ ያቺ ሁለት ለአንድ የተሸነፈችዋ! ፍርድ ቤት ላይ የወደቀች ሐሳብ በአፕ በኩል ዞራ ገባች። አስላምና ፋራር ያኔ የመሠረቱት የአፕ ሾፌሮችና መልእክተኞች ማኅበር ወዲያው ተቃወመ፣ ፍርዱ ያለው ሎግ ኢን ካደረገበት እስከ ሎግ አውት ነው፣ ይሄ ግማሽ ፍርድ ነው አለ።

በቁጥር ልንገራችሁ፣ ቁጥሩ የማንም ደሞዝ አይደለም፣ እኔ ለምሳሌ ያወጣሁት ነው። አንድ ሾፌር በሳምንት 50 ሰዓት አፑን ከፍቶ ቆየ፣ ከዛ ውስጥ ጥሪ ይዞ የነዳው 30 ሰዓት ነው እንበል። በፍርዱ ከሄድን ከወጪ በኋላ ቢያንስ 436 ፓውንድ ሊተርፈው ይገባል። በኡበር አቆጣጠር ግን ዋስትናው 261.60 ነው። በሳምንት 174.40 ልዩነት፣ ያ ማለት የፒሲኦ መኪና (የሚኒካብ ፈቃድ ያለው መኪና) ለተከራየ ሰው የኪራዩ ትልቁ ድርሻ ነው። ሾፌሩ በእርግጥ ከዋስትናው በላይ ሊያገኝ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ያገኛል፣ ግን ዝቅተኛ ደሞዝ የሚባለው ነገር የተሠራው ለመጥፎው ሳምንት ነው እንጂ ለጥሩውማ ማን ሕግ ይፈልጋል።

ለምን ሄደው አላስከበሩም ትሉ ይሆናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ተናገረ እንጂ ለ70,000 ሰው ሂሳብ አልሠራም፣ እያንዳንዱ ሾፌር የራሱን ሰዓትና ወጪ ይዞ መቅረብ አለበት፣ ሰዓቱ ደግሞ ያለው ኩባንያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ሾፌሮች ዳታችንን ስጡን ብለው ኔዘርላንድ ድረስ የሄዱት፣ የኡበር የአውሮፓ ዋና ቢሮ አምስተርዳም ስለሆነ፣ የአምስተርዳም ይግባኝ ፍርድ ቤትም ኤፕሪል 2023 ላይ በብዙው ለሾፌሮቹ ፈርዶላቸዋል። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው።

ተሳፋሪውስ? እሱንም ነክቶታል፣ ግን በሌላ በር ነው የገባበት። ሎርድ ሌጋት በፍርዳቸው መሃል የለንደን ሚኒካብ ሕግ፣ የ1998ቱ፣ ፈቃድ ያለው ኦፕሬተር ራሱ ከተሳፋሪው ጋር ውል እንዲገባ የሚፈልግ ይመስላል የምትል ነገር ጣል አድርገው ነበር። ኡበር እንደዛ አይደለም በሉልኝ ብሎ ራሱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ፣ ዲሴምበር 2021 ላይ ግን ኦፕሬተሩ ራሱ ውል መግባት አለበት ተባለ። ትርጉሙ ምንድነው፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢደርስብህ የምትከሰው ከስሙ ሌላ የማታውቀውን ሾፌር ብቻ ሳይሆን ኩባንያውን ነው። ይሄ ጥሩ። ግን ትራንስፖርቱን የሚሸጠው ኩባንያው ከሆነ የቫት ጥያቄ መጣ፣ ያለፈውም ይሰላል ተባለ፣ ኡበር 2022 ላይ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር በ615 ሚሊዮን ፓውንድ ተስማማ። ሁለት ሾፌሮች የፈቃድ ክፍያ ጠይቀው የተነሳ ነገር የት እንደደረሰ እዩልኝ።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ራይድና ፈረስ ላይ ይሄ ይሠራል ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። የእንግሊዝ ፍርድ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፣ እሱ ግልጽ ነው። የኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይቺ ዓመት ብቻ በኛ አቆጣጠር ናት) የሥራ ውል የሚለው በአሠሪው መሪነት ሥር በደሞዝ ለመሥራት መስማማትን ነው፣ በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራውን ደግሞ ከአዋጁ ያስወጣዋል። መሃለኛዋ የለችም። ዝቅተኛ ደሞዝም ለግሉ ዘርፍ በአገር ደረጃ አልተቆረጠም፣ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ነው አዋጁ የሚለው። ስለዚህ ክሱ ቢመጣ እንኳ ጥያቄው "መሪነት" የምትለዋ ቃል ላይ ነው የሚወድቀው፣ አልጎሪዝም መሪ ነው ወይ የሚለው ላይ።

የለንደኑን ልጨርስ። ያቺ የቀረችው ቀዳዳ ኖቬምበር 2024 ላይ መጣች፣ በሌላ ኩባንያ በቦልት ላይ። ወደ 15,000 ሾፌሮች የከሰሱበት ነው፣ ችሎቱ እናንተም ወርከር ናችሁ አላቸው፣ አፑን ከፍታችሁ የምትጠብቁበትም ይቆጠራል አለ፣ በዛው ሰዓት ሌላ አፕም ከፍታችሁ ካልሆነ በቀር። አሁን ለንደን ውስጥ አንድ አፕ ብቻ ከፍቶ የሚጠብቅ ሾፌር ፈልጉና አሳዩኝ፣ አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይጠራል እየተባለ ነው ኪራይ የሚሞላው። ሁለቱን ከከፈትክ ደግሞ መጠበቅህ የማንም አይሆንም።

ያን ቀን ሂትሮው ላይ ወዳጄ ስቆ ሲጨርስ "ሁለተኛው ስልክ እኮ ነው የሚገድለኝ" አለኝ፣ ያኔ አልገባኝም ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ስልክ ጎን፣ ከማርሹ አጠገብ ኩባያ ማስቀመጫው ውስጥ፣ ሌላ ስልክ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ቆሟል። ሁለቱም ክፍት ናቸው፣ ሁለቱም ዝም ብለዋል። ተራው ዘጠና ስምንት ደርሷል።